ሊጨርስ የቀረበ ይቅደም

ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ቤት ሁለት ክፍል ነበረው። በመካከላቸው መዝጊያው የወለቀ በር አለ። በግራ ያለው የጀሶ ክፍል ነው፤ በቀኝ ያለው የብረት ክፍል።

አዲስ እግር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ጀሶ ክፍል ይገባና ልኩ ይወሰዳል። አጭር ሥራ ነው። ከዚያ ወደ ብረት ክፍል ያልፋል፤ እዚያ እግሩ ይሠራለታል፣ ይሞረድለታል፣ ብሎኑ ይጠብቅለታል፣ ለብሶት እስኪራመድ ድረስ ይስተካከልለታል። ይህ ረጅም ሥራ ነው፤ ሲያልቅ ሰውየው ወደ ቤቱ ይሄዳል። እግሩ ያረጀበት ወይም የጠበበው ሰው ደግሞ መንገዱ ግልባጩ ነው። መጀመሪያ ብረት ክፍል ገብቶ አሮጌው ይፈታለታል፤ አጭር ሥራ። ቀጥሎ ጀሶ ክፍል ሄዶ የተቆረጠው እግር የሚገባበት ጎድጓዳ ከሰውነቱ ጋር እንዲስማማ እንደገና ይሠራለታል፤ ረጅም ሥራ። እሱም ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በጀሶ ክፍል የምትሠራው የአንዲት የሒሳብ መምህርት አክስት ነበረች። በብረት ክፍል የሚሠራው የአክስቷ ባል። በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም «ብረቱ» ነበር የሚለው። ልጅ አልወለዱም። መምህርቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እነሱ ናቸው፤ እሷን «እታለም»፣ እሱን «ጋሼ» ትላቸዋለች።

መምህርቷ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሒሳብ ታስተምራለች። የምታጠናው ወረፋን ነው። ሰው ሁሉ ስለሚስቅ ይህን ለመናገር ታፍራለች። አንድ እግሩን በመኪና አደጋ ያጣው ሹፌር፣ የወረፋ ሒሳብ የሚባል ነገር እንዳለ የሰማ ዕለት ከአግዳሚው ላይ ሆኖ ጮኸ።

«እንግዲያው ለእኛም ዲግሪያችን ይሰጠን! ዕድሜ ልካችንን ስንማር ኖረን የለም እንዴ!»

የሒሳቡ ጥያቄ ግን ቀላል ነው። ሰው ይመጣል፣ ሰው ይስተናገዳል። ሰልፉ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል። ውሎ አድሮ ይረጋል? ወይስ መመለሻ በሌለው መንገድ እየረዘመ ይሄዳል? ያለው አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ መልሱ በአንድ መስመር ያልቃል፤ የሚመጣው ሥራ ከሠራተኛው አቅም ካነሰ ይረጋል። ማንም ይቅደም፣ ማንም ይከተል፣ ሠራተኛው ሥራ እያለ እጁን አጣጥፎ እስካልተቀመጠ ድረስ ይረጋል።

የቤቱ ኃላፊ ያስጠሯት አግዳሚዎቹ አልበቃ ብለው ነበር። ሰው ክራንቹን ተደግፎ ግቢው ውስጥ ይቆማል። ማን ቀድሞ መጣ በሚል ጭቅጭቅ አለ፤ የዘመድ ዘመድ በጎን በር ይገባል።

«የኔ ልጅ፣» አሏት፣ «አክስትሽ ስላንቺ አውርታ አትጠግብም። እስቲ ይህን ነገር በሒሳብሽ አንድ በይልኝ።»

መምህርቷ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ወንበር አስቀምጣ ሥራውን ስትለካ ሰነበተች። ብረቱ ከሞረዱ ቀና እያለ ይጠቅሳታል፤ አክስቷ ጀሶ በነካ እጇ ጉንጯን ትነካና ሙሽራ ታስመስላታለች። ልኬቱ ሲያልቅ መልሱ አስደሰታት። እያንዳንዱ ክፍል ከሥራ ቀኑ ወደ ሲሶ የሚጠጋ ትርፍ ጊዜ ነበረው።

«ሁለቱም ክፍሎች ይበቃሉ፣» አለቻቸው ለኃላፊው። «ሰው መጨመር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጭቅጭቁን የሚያስቀር አንድ ግልጽ ደንብ ነው።»

ኃላፊው ትንሽ አሰቡ። «እንደኔ እንደኔ ሊጨርስ የቀረበው ቢቀድም ደስ ይለኛል። ስንት ጊዜ የተመላለሰ ሰው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶት፣ ዛሬ የመጣው እንዴት ይቅደመው? የጀመርነውን ጨርሰን እንሸኝ፤ አግዳሚውም ይቀልላል። ወይስ በሒሳቡ ክፋት አለው?»

«የለውም፣» አለች። «ማንም ቢቀድም ይረጋል።»

ይህ ለአንድ ክፍል እውነት ነው። ሁለት ክፍሎች እርስ በርስ ሰው ሲላላኩ ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። መምህርቷ ይህን አንብባዋለች፤ ለተማሪዎቿም አስተምራዋለች። እዚያ ያየችው ግን በቀስትና በክብ የተሳለ ነገር ነበር። እዚህ አክስቷና ጋሼ ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ ለዓይኗ ቀስትና ክብ ሆነው አያውቁም።

ደንቡ በትልልቅ ፊደል ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ከሁለቱም ክፍሎች በር በላይ ተሰቀለ፤ ሊጨርስ የቀረበ ይቅደም።

መጀመሪያ ሁሉም ተደሰተ። ጭቅጭቁ ቆመ፤ የጎን በሩ ተዘጋ። ቀስ በቀስ ግን አንድ እንግዳ ነገር መጣ። ጀሶ ክፍሉ አሮጌ እግር ይዘው በመጡ ሰዎች ይጥለቀለቃል፤ አክስቷ እስከ ክርኗ ነጭ ሆና ቀና ሳትል ትውላለች። እነሱ ሊጨርሱ የቀረቡ ናቸውና ለአዲስ መጪ ልክ የምትወስድበት ጊዜ የላትም። ልኩ ያልተወሰደ ሰው ደግሞ ወደ ብረት ክፍል አያልፍም። ስለዚህ ብረት ክፍሉ ጭር ይላል። ብረቱ አልፎ አልፎ አንድ አሮጌ እግር ፈትቶ ይልካል፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። አክስቷ በበሩ አሻግራ ታየዋለች።

ከዚያ ነገሩ ይገለበጣል። ጀሶ ክፍሉ እድሳቱን ጨርሶ ሲተነፍስ፣ ለልክ ሲጠብቁ የከረሙት አዲሶች በላይ በላዩ ይለካሉ፤ በጎርፍ ወደ ብረት ክፍል ይገባሉ። አሁን ቀና የማይለው ብረቱ ነው። ሊጨርሱ የቀረቡት እነዚህ ናቸውና አሮጌ እግር የሚፈታበት ጊዜ የለውም፤ አሮጌ እግር ካልተፈታ ደግሞ አክስቷ ዘንድ የሚሄድ ሥራ የለም። የደረቀ ጀሶ ከጥፍሯ ሥር እየለቀመች ትቀመጣለች። ብረቱ በበሩ አሻግሮ ያያታል። በዚህ መካከል አሮጌ እግር የታቀፉ ሰዎች ደጃፉ ላይ ይከማቻሉ፤ እነሱ ሲለቀቁ ጀሶ ክፍሉ ካለፈው የባሰ ይጥለቀለቃል።

እያንዳንዱ ዙር ከበፊቱ ረዘመ። ግቢው ሞላ። ሰልፉ ከበር ወጣ፤ አጥሩን ተከትሎ ዞረ።

«እግሬን ለማጣት ዓይኔን የጨፈንኩባት ቅጽበት በቅታኛለች፣» ይላል ሹፌሩ። «ለማግኘት ነው ጢም ያበቀልኩት።» ከዚያ ወደ ብረት ክፍል አንገቱን ያሰግጋል። «ብረቱ! ዝገህ ነው እንዴ? ዘይት ይምጣልህ?»

ሰልፈኛው ይስቃል። ብረቱም አብሮ ለመሳቅ ይሞክራል። «ሥራው እዚያ ማዶ ነው፣» ይላል ወደ ጀሶ ክፍል እያመለከተ።

«እሱንማ እናያለን! ሠራተኛዋ እሷ፣ አንተ ተከራይ!»

ብረቱ ከዚያ በኋላ ለመቀመጥ ማፈር ጀመረ። ሥራ ሲያጣ የተጠረገ መሣሪያ እንደገና ይጠርጋል፤ የተደረደረ ብሎን በትኖ እንደገና ይደረድራል። ሲደክመው ግን ይቀመጣል፤ የሚታየውም ያን ጊዜ ነው።

እሑድ መምህርቷ ምሳ ልትበላ ስትሄድ ቤቱ ውስጥ ከማንኪያ ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

«ምን ሆናችሁ?»

«ምን እንሆናለን፣» አለች አክስቷ። «እኔ ወገቤ ተቆርጧል። ጋሼሽ ተመስገን ደህና ነው፤ አርፎ ነው የሚውለው።»

«ያለፈው ሰሞንስ?» አለ ብረቱ። «እኔ ላቤ ሲንጠፈጠፍ ጥፍርሽን ትለቅሚ አልነበር?»

«እኔማ ያን ሁሉ ሰው ጨርሼ ነው ያረፍኩት!»

«እኔስ ጨርሼ አይደለም?»

«አንተማ አንድ አሮጌ እግር ትፈታና ከባለቤቱ ጋር ግማሽ ቀን ታወራለህ።»

«ከማን ጋር ላውራ ታዲያ? አንቺ እንደሆነ ከኩርፊያሽ መች ወጣሽ?»

«እታለም፣ ምናልባት እኮ...» አለች መምህርቷ።

«አንቺ ዝም በይ፣ ሚጣ። ሁለቱም ክፍሎች ይበቃሉ ያልሽው አንቺ ነሽ። አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«ከበቁና ሰልፉ ከረዘመ፣ ከሁለት አንዳችን አንሠራም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ራሴን አውቃለሁ።»

ብረቱ ማንኪያውን አስቀመጠና ሚስቱን አያት። አነጋገሯ ቀልድ አልነበረበትም። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ብዙ ነገር ተባብለዋል፤ ሰነፍ ግን ተባብለው አያውቁም ነበር። በእጁ የሚያድር ሰው ነው። ከሌላው ስድብ ይህ ለየት አለበት። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ።

መምህርቷ በማግሥቱ ተማሪዎቿን አሰናብታ ባዶው ክፍል ውስጥ ቀረች። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ሣለች፤ ቀስቶቹን ጨመረች። ከዚያ ጠመኔዋን እንደያዘች ቆመች።

የአክስቷ ረጅም ሥራና የጋሼ ረጅም ሥራ በአንድ ጊዜ ሊሠሩ አይችሉም። ደንቡ እስካለ ድረስ አንዷ ስትሠራ ለሌላው ሥራ የሚልክለት የለም፤ እሱ ሲሠራ ደግሞ ለእሷ። ተራ በተራ እንጂ አብረው የሚሠሩበት ሰዓት የለም። እያንዳንዱ ረጅም ሥራ ለብቻው ከቀኑ ግማሽ በላይ ይወስዳል። ሁለት ከግማሽ በላይ የሆኑ ነገሮች በአንድ ቀን ውስጥ አይገቡም። ቤቱ ሁለት ሠራተኞች ነበሩት፤ ደንቡ ግን ሁለቱን አንድ ሰው አድርጓቸዋል፤ ለዚያ አንድ ሰው ደግሞ ሥራው ከአቅም በላይ ነው።

ስትረዳው መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። ንጹሕ፣ የሚያምር ነገር ነበር። ስለዚያ ደስታዋ ያፈረችው ቆይታ ነው።

ኃላፊው ቢሮ ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«ደንቡ ነው፣» አለች። «ሰዎቹ ጥፋት የለባቸውም። አዲስ መጪው ይቅደም። ልኩ ሳይውል ሳያድር ይወሰድ፤ አሮጌው ሳይውል ሳያድር ይፈታ። ያን ጊዜ ሁለቱም ክፍሎች ሥራ አያጡም፤ አብረው ይሠራሉ። ሰልፉ ይጠፋል።»

ኃላፊው አስረድተሽ ንገሪኝ አሏት፤ አስረዳቻቸው። ብልህ ሰው ነበሩ፣ ገባቸው።

«ጥሩ። በሚቀጥለው ሰኞ ደንቡን እንለውጣለን፣» አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። «ብረቱም ሰኞ ይወጣል።»

«ጋሼ? ለምን?»

«የበላዮቹ መጥተው ነበር። ሰልፉ አጥሩን ዞሮ እሱ ተቀምጦ ሲያወራ አገኙት። አጥፊውን አምጣ አሉኝ። ምን ልበላቸው? ሰሌዳው ነው ልበላቸው?»

«አዎ! ሰሌዳው ነው!»

«የኔ ልጅ፣ ሰሌዳ አይባረርም።»

መምህርቷ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። «እንግዲያው አንዱን አስቀድሙት። መጀመሪያ ደንቡን ለውጡና ጠብቁ፤ ሰልፉ ጋሼ እዚሁ እያሉ ሲያጥር ታያላችሁ። ሁለቱን በአንድ ቀን ካደረጋችሁት፣ ሰልፉን ያጠፋው የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም።»

«ሰልፉ ከጠፋ፣ ይህን ማወቁ ምን ይሠራልናል?» አሉ ኃላፊው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ድምፃቸውም የክፉ ሰው ድምፅ አልነበረም። «በጡረታ ይወጣል፤ ትንሽ ቀደም አለ እንጂ መውጣቱ አይቀርም ነበር። በዚያ ላይ ሳልጠይቅ የወሰንኩ እንዳይመስልሽ። የጠየቅኩት የቅርብ ሰው ነው።»

ሰኞ አዲሱ ደንብ ተሰቀለ፤ አዲስ ሠራተኛም ብረት ክፍል ገባ። ደልደል ያለ፣ ሲሠራ የሚያፏጭ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሰልፉ ከአጥሩ ወደ በሩ ተመለሰ። ቀጥሎ ግቢው ውስጥ ገባ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ብቻ ሰው ቀረ፤ እሱም እግሩን ዘርግቶ ለመቀመጥ ቦታ አገኘ። ሹፌሩ አዲሱን እግሩን ለብሶ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረና፣ ከሁሉም ጋር ተጨባብጦ ሲወጣ እንዲህ አለ።

«አንዱ ብረት ሲነቀል መንገዱ ተከፈተ! ስንት ዘመን አንቆን ኖሯል ጃል!»

ወሬው ብረቱ ቤት ለመድረስ ጊዜ አልወሰደበትም። ጎረቤት ሰላምታውን አልነሳውም፤ ግን አንዳንዱ በሰላምታው መካከል ፈገግ ይላል።

መምህርቷ አክስቷን ከሥራ መልስ መንገድ ላይ ጠብቃ ያዘቻት። አንድ የድንጋይ አጥር ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ነገረቻት፤ ማን ለማን ሥራ ይልክ እንደነበር፣ ደንቡ እንዴት አንዱን እንደሚያስቀምጥ፣ ሌላውን እንደሚያጥለቀልቅ። አክስቷ ሳታቋርጣት ሰማች።

«ገባኝ፣» አለች በመጨረሻ። «እኔ ስደክም እሱ የሚሠራው አልነበረውም። እሱ ሲደክም ደግሞ እኔ።»

«አዎ፣ እታለም። እንዲያ ነው።»

«እንግዲህ ያልኩት ሁሉ ሐሰት ነበር።»

«አላወቅሽም እኮ።»

አክስቷ እጇን አየች። ጀሶው በመስመሮቹ ውስጥ ደርቆ ቀርቷል። «ኃላፊው አስጠርተው ጠይቀውኛል። ‹ባልሽ ነው፣ ግን እውነቱን ንገሪኝ፤ ይሠራል?› አሉኝ። እኔ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ?»

መምህርቷ እጇን ልትይዛት ሞከረች።

«‹ተቀምጦ ነው የሚውለው› አልኳቸው። በዓይኔ ያየሁትን ነው ያልኩት።» አክስቷ ተነሣች፤ ቀሚሷን አራገፈች። «ሰውየው ወጣ፤ ሰልፉ ጠፋ። ይህንንም በዓይኔ ነው ያየሁት። ያንቺን ካመንኩ፣ በገዛ አፌ ባሌን ከእንጀራው አፈናቀልኩ ማለት ነው። ካላመንኩ ደግሞ ሰነፍ ባል አገባሁ ማለት ነው። ከሰነፍ ባል ጋር መኖር ይቻላል፣ ሚጣ። ብዙ ሰው ይኖራል።»

«ጋሼስ?»

«እሱ ምን ሆነ? ደሞዙ በጡረታ ይመጣል። እኔ ክፉ ቃል አልናገረውም ከእንግዲህ። ምንም አልናገረውም።»

እንዳለችውም ምንም አልተናገረችውም። የብረቱ አንጀት ያረረው በዚህ ነበር። ስድብ ቢሆን ይመልስ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ሕመምተኛ ነበር የያዘችው። ከባድ ነገር ሲያነሣ «ተወው፣ አትድከም» ትለዋለች። ሌላ ምንም አትልም።

መምህርቷ ልትጠይቀው የሄደች ዕለት ቤቱ ደጃፍ ላይ ትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ጎረቤት ያመጣው የተሰበረ ወንበር አጠገቡ ነበር፤ ጠግኖ ጨርሶታል።

«ነገርሻት?» አላት።

«ነገርኳት።»

«አላመነችሽም።»

ብረቱ መዳፉን በመዳፉ አሸ።

«አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ሚጣ። ለምኜሽ አላውቅም።»

«ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

«ደንቡን መልሺው።»

«የቱን?»

«የድሮውን። ለትንሽ ጊዜ ነው። ኃላፊው አንቺ ያልሻቸውን ይሰማሉ፤ የፈለግሽውን ምክንያት ስጫቸው። ያ የሚያፏጨው ሰውዬ ተቀምጦ ታየዋለች። ሰልፉ በር ሲወጣ ታያለች። እኔ የለሁ፤ በኔ አታሳብብም። ያን ጊዜ ዓይኗን ታምናለች።»

መምህርቷ ይህን እሱ ሳይላት በፊት አስባው ነበር። ንጹሕ ማስረጃ ይሆናል፤ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ የለም። ከእሱ አፍ ስትሰማው ግን አጥሩን የዞረው ሰልፍ ታያት።

«ሰው ይቆማል እኮ፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። እኔ አይደለሁም ሳቆማቸው የኖርኩት?» አለና ሳቅ ነገር ሞከረው፤ አልወጣለትም። «ትንሽ ጊዜ ነው። እኔ ግን በዚህ ቤት ውስጥ የቀረኝን ዕድሜ ሁሉ ነው የምቆመው።»

«እሺ፣» አለችው። እሺ ስትል ከልቧ ነበር።

በማግሥቱ ግቢው ውስጥ ስትገባ ለኃላፊው የምትነግራቸውን ምክንያት አሰናድታ ነበር። አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዲት ሴት ከበሩ ገባች፤ ክራንቹ አዲስ ነው፣ ገና አልለመደችውም፣ ብብቷን እየወጋት ታነክሳለች። የመጀመሪያ ቀኗ መሆኑ ያስታውቃል። የምትቀመጥበትን እያማተረች ሳለ ከጀሶ ክፍል ድምፅ መጣ።

«ነይ እናቴ፣ ግቢ! አትቀመጪ፣ ልክሽን ቶሎ ልውሰድ።»

ሴትዮዋ የተጠራችው እሷ መሆኗን ለማመን ወደ ኋላዋ ዞራ አየች።

መምህርቷ በመስኮቱ ተመለከተች። አክስቷ የጀሶውን ጨርቅ ውሃ እያርከፈከፈች ትጠመጥማለች። በበሩ ማዶ ሞረድ ይንጫረራል። ሁለቱ ድምፆች በአንድ ላይ ይሰሙ ነበር፤ ውሃውና ሞረዱ። በጋሼ ጊዜ ይህን ሰምታ አታውቅም፤ አንዱ ሲሰማ ሌላው ዝም ነበር። አዲሱ ሠራተኛ ከማዶ የሆነ ነገር ተናገረ፤ አክስቷ ሳቀች። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። ቀና ስትል መምህርቷን በመስኮቱ አየቻት።

«አየሽው ይህን ሰው?» አለች በአገጯ ወደ ብረት ክፍል እየጠቆመች። «አንድ ቀን ተቀምጦ አላየሁትም።»

ኃላፊው በኮሪደሩ ይመጡ ነበር። «እህ፣ ዶክተር፣» አሏት በደስታ፣ «ደግሞ ምን አዲስ ነገር ይዘሽልን መጣሽ?»

መምህርቷ ሴትዮዋን አየች። ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ጀሶው እስኪደርቅ በሁለት እጇ የወንበሩን ጠርዝ ይዛ ትጠብቃለች።

«ምንም፣» አለች። «እንዳለ ይቀጥል።»

ብረቱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ፊቷን ሲያይ ቀድሞ አወቀ። ቢሆንም ጠየቃት።

«ምን አሉሽ?»

«አልነገርኳቸውም፣ ጋሼ። አንዲት ሴት ነበረች... አልቻልኩም።»

ብረቱ ራሱን ነቀነቀ፤ ደጋግሞ ነቀነቀ። «እሺ፣» አለ። «ብዙ ሰው ከሚቆም አንድ ሰው ቢቆም ይሻላል። ሒሳቡ እንዲያ ነው።»

«ሒሳብ አይደለም፣ ጋሼ።»

«ምንድነው ታዲያ?»

ብረቱ መልስ ሳይጠብቅ ዱካው ላይ ተቀመጠ፤ እሷም አጠገቡ ደረጃው ላይ። ፀሐይዋ ከአጥሩ በታች ስትወርድ ከመንገዱ መታጠፊያ የአክስቷ ድምፅ ተሰማ፤ ከአንዲት ጎረቤት ጋር እየተጫወተች ትመጣለች።

ብረቱ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ዱካውን በእግሩ ገፍቶ ከግድግዳው ሥር ደበቀው። መዶሻውን አነሣ፤ የተጠገነውን ወንበር አጋደመና ምንም ያልጎደለውን የወንበር እግር ይቀጠቅጥ ጀመር።